አንዱ ለውርስ፣ አንዱ ለዕለት



  ንግግሬን በአንድ አባትና በአንድ ልጅ ታሪክ ልጀምር። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1959 መጨረሻ አንድ የ12 ዓመት ልጅ አባቱን ተከትሎ ስቶክሆልም ገባ። አባትየው አርተር ኮርንበርግ ይባላሉ። ወደ ስዊድን የሄዱት የኖቤል ሽልማት ሊቀበሉ ነበር፤ ያሸለማቸውም ዲኤንኤን አብነት አድርጎ ሌላ ዲኤንኤ የሚሠራውን ኢንዛይም ማግኘታቸው ነው። 47 ዓመታት አለፉ። በ2006 ያ ልጅ፣ ሮጀር ኮርንበርግ፣ እንደ አባቱ ሊሸለም ወደ ስቶክሆልም ተመለሰ። እርሱን ያሸለመው ደግሞ ዲኤንኤን አብነት አድርጎ አርኤንኤ የሚሠራውን ኢንዛይም፣ አተም በአተም ሊባል በሚችል ምስል፣ በሥራ ላይ እንዳለ ማሳየቱ ነው። አባቱ ይህን ለማየት ደርሰዋል፤ ያረፉት በቀጣዩ ዓመት ነው።

አባትና ልጅ ዕድሜያቸውን በአንድ ሞለኪውል ዙሪያ አሳለፉ፤ የያዙት ሥራ ግን ለየቅል ነበር። አባት የመረመሩት፣ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን የሚያባዛበትን መንገድ ነው፤ ይህን ሪፕሊኬሽን እንለዋለን። ልጅ የመረመረው፣ ሕዋስ ለዕለት ሥራው የሚፈልገውን ክፍል ብቻ ከዲኤንኤው ወደ አርኤንኤ የሚገለብጥበትን መንገድ ነው፤ ይህን ደግሞ ትራንስክሪፕሽን እንለዋለን። ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን ማባዛት፣ ሁለተኛውን መገልበጥ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ፈተና ላይ «የሁለቱን ልዩነት ጻፉ» የሚል ጥያቄ አወጣለሁ። ተማሪዎቼ ሰንጠረዥ አስምረው በግራና በቀኝ ሰባት ስምንት ነጥብ ይደረድራሉ፤ ሙሉ ማርክም ያገኛሉ። በወሩ መልሼ ብጠይቃቸው ግን የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ተሻግሮ አገኘዋለሁ። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። ነጥቦቹን እንደ ጨሌ በትነን ሰጠናቸው እንጂ የሚሰካቸውን ክር አልሰጠናቸውም። ክሩ ይህ ነው፦ ማባዛት ለውርስ ነው፤ መገልበጥ ለዕለት ነው። የቀረው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። የተጻፈው በአራት ፊደላት ነው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። ከእናታችን 3 ቢሊዮን፣ ከአባታችን 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ወርሰናል። ዲኤንኤ ሁለት የተጠማዘዙ ክሮች ነው፤ ኤ ከቲ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር ይጣመራሉ። አንዱ ክር በእጃችን ካለ ሌላው ምን ብሎ እንደተጻፈ እናውቃለን ማለት ነው። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ ይህን ቅርጽ ይፋ ያደረጉት በ1953 ሲሆን፣ ለንደን ውስጥ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን የምርምር ቡድን የተነሣው የኤክስሬይ ምስል ትልቅ መንገድ ጠርጎላቸዋል።

ማባዛትና መገልበጥ የሚምታቱብን በእርግጥ ስለሚመሳሰሉ ነው። ሁለቱም የተጠማዘዘውን ክር ፈትተው ያላቅቃሉ። ሁለቱም በአብነቱ ላይ ያለውን ፊደል እያዩ ጥንዱን ይመርጣሉ። ሁለቱም አዲሱን ክር የሚያስረዝሙት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። መመሳሰሉ ሊቃውንቱንም ሳያስቸግር አልቀረም። በ1959 ከአርተር ኮርንበርግ ጋር የተሸለሙት የቀድሞ አስተማሪያቸው ሴቬሮ ኦቾአ፣ አርኤንኤ የሚሠራ ኢንዛይም በማግኘታቸው ነበር የተከበሩት። በኋላ ግን ያ ኢንዛይም አብነት ሳያይ ፊደል የሚቀጣጥል ሆኖ ተገኘ፤ በሕዋስ ውስጥ ዋና ሥራውም አርኤንኤን ማፍረስ ነው። ዲኤንኤን እያነበበ አርኤንኤ የሚሠራው እውነተኛው ገልባጭ፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ የተገኘው ከዚያ ወዲህ በ1960 ገደማ ነው።

አሁን አንድ ቁም ጸሐፊ በዓይነ ሕሊናችሁ ሣሉ። ፍየል ታርዶ ቆዳው ተፍቆ ብራና ሆኗል። ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ፣ ዳዊትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይገለብጣል። አንዲት መስመር መዝለል አይችልም። ሥራው ወራት ይፈጃል። ሲሳሳት ብራናውን በስለት ፍቆ ያርማል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ከእርሱ ዕድሜ በላይ ይኖራል፣ ነገ ሌላው ጸሐፊ ከዚህ ላይ ይቀዳል። ዛሬ የሳታት ፊደል ለልጅ ልጅ ትተላለፋለች። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ተማሪ ወደዚያው መጽሐፍ ይመጣል። እርሱ የሚፈልገው ለነገ የሚነበበውን አንድ ምንባብ ነው። በቁራጭ ወረቀት ቀድቶ ይሄዳል፤ ተነብቦ ሲያበቃ ወረቀቱ ይጣላል። መጽሐፉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቁም ጸሐፊው አባዛ፤ ተማሪው ገለበጠ።

ወደ ሕዋሱ እንግባና ማባዛቱን ቀረብ ብለን እንየው። ሄሊኬዝ የተባለ ኢንዛይም ሁለቱን ክሮች እንደ ዚፕ እየከፈተ ወደፊት ይሄዳል። ከኋላው ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ በሁለቱም ክሮች ላይ ይሠራል። ይህ ሠራተኛ ከባዶ መጀመር አይሆንለትም። ሌላ ኢንዛይም አሥር ያህል ፊደል ያላት አጭር የአርኤንኤ መነሻ ካላነጠፈለት ንቅንቅ አይልም። በዚያ ላይ ሁለቱ ክሮች የተዘረጉት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ሠራተኛው ግን የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዱ ክር ላይ ሳያቋርጥ ይገሰግሳል፤ በሌላው ላይ ጥቂት ይሠራል፣ ተመልሶ ከፊት ይጀምራል፣ እንደገና ጥቂት ይሠራል። በኋላ የአርኤንኤ መነሻዎቹ ተነቅለው በዲኤንኤ ይተካሉ፤ ቁርጥራጮቹም ላይጌዝ በተባለ ሰፊ ይጋጠማሉ።

እነዚህን ቁርጥራጮች በ1960ዎቹ ያገኟቸው ጃፓናውያን ባልና ሚስት፣ ሬጂ ኦካዛኪና ሱኔኮ ኦካዛኪ ናቸው፤ እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ። ሬጂ በልጅነታቸው ከሂሮሺማው የአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ሰው ነበሩ። በ1975 በደም ካንሰር ሲያርፉ ዕድሜያቸው ገና 44 ነበር። ባለቤታቸው የጀመሩትን ምርምር ይዘው ቀጠሉ።

ሥራው ሲያበቃ እያንዳንዱ አዲስ ዲኤንኤ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ክር ይዞ ይወጣል። ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል ይህን በ1958 ያረጋገጡት ባክቴሪያን በከባድ ናይትሮጅን አሳድገው፣ ከዚያ ወደ ቀላሉ ናይትሮጅን አዛውረው፣ የዲኤንኤውን ክብደት ትውልድ በትውልድ በመለካት ነው። ከአንድ ትውልድ በኋላ የተገኘው ሁሉ መካከለኛ ክብደት ነበረው፤ ግማሹ ከወላጅ፣ ግማሹ አዲስ። ውርስ ማለት በቁሙ ይህ ነው።

ውርስ ስለሆነም ሙሉ መሆን አለበት። ትልቁ ክሮሞሶማችን 250 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ፊደል አለው። የእኛ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ በሰከንድ 50 ፊደል ገደማ ስለሚሠራ፣ ከጫፍ ተነሥቶ ብቻውን እስከ ሌላው ጫፍ ቢሄድ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሕዋስ ይህን ያህል አይጠብቅም። በአስር ሺዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች በየጊዜው እየከፈተ፣ ደቦ እንደ ወጣ ገበሬ ሁሉን ስፍራ ያጣድፈውና በስምንት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ደግሞም በአንድ የመከፈል ዑደት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተባዛው ስፍራ ዳግመኛ እንዳይባዛ በጥብቅ ይጠበቃል።

መገልበጥ ሌላ ጠባይ አለው። አርኤንኤ ፖሊመሬዝ የሚገለበጠው የዲኤንኤ ክፍል፣ ማለትም ዘረመሉ፣ የሚጀምርበትን ምልክት ፈልጎ ያርፋል፤ እዚያች ቦታ ላይ ጥቂት ፊደል ያህል ብቻ ክሩን ይከፍታል። መነሻ የሚያነጥፍለት አይሻም፤ ራሱ ይጀምራል። ከሁለቱ ክሮች አንዱን ብቻ ያነባል። በቲ ፋንታ ዩ የተባለውን ፊደል ይጠቀማል። እያለፈ ሲሄድ ዲኤንኤው ከኋላው ይዘጋል፤ አዲሱ አርኤንኤም ከአብነቱ ተላቅቆ ነጠላ ክር ሆኖ ይወጣል። ማቆሚያው ምልክት ሲደርስ ይለቃል። ሮጀር ኮርንበርግ ይህን ያሳየን ዳቦ በሚነፋው እርሾ ሕዋስ ነው፤ የእርሾ ገልባጭ ከእኛው ጋር እጅግ ይመሳሰላልና።

መገልበጥ ምርጫ ነው። የኢንሱሊን ዘረመል በቆዳችሁም፣ በጉበታችሁም፣ በዓይናችሁም ሕዋስ ውስጥ አለ፤ ሲባዛ ከሌላው ጋር አብሮ ተባዝቶ ደርሷቸዋል። የሚገለብጡት ግን በጣፊያ አካባቢ ባለው ቆሽት ውስጥ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ናቸው። አብዛኞቹ የአንጎላችን ነርቮች ከተወለድን በኋላ ዳግም አይከፈሉም፤ ስለዚህ ዲኤንኤያቸውን አያባዙም። ሲገለብጡ ግን ቀንም ሌሊትም አያርፉም፤ ዛሬ ማታ ይህን ንግግር የሚያስታውስ ሰው ካለ፣ በነርቮቹ ውስጥ ዘረመሎች ስለሚገለበጡለት ጭምር ነው። የማያባዛ ሕዋስ ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል። መገልበጥ ያቆመ ሕዋስ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳችን ዲኤንኤው የሚቀመጥበትን ኒውክለስ አውጥቶ ከጣለ በኋላ ቀድሞ በተሠራለት ስንቅ 120 ቀን ያህል ኖሮ ያልፋል።

ጥራታቸውም የሚለያየው በዚሁ ምክንያት ነው። ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ የተሳሳተ ፊደል ሲያስገባ ወደ ኋላ ተመልሶ ያወጣዋል፤ ያመለጠውን ደግሞ ሌሎች አራሚዎች ተከትለው ያርሙታል። በመጨረሻ የሚቀረው ስሕተት በቢሊዮን ፊደል አንድ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። አርኤንኤ ፖሊመሬዝ ግን ከአስር ሺህ እስከ መቶ ሺህ ፊደል አንዴ ይስታል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የአርኤንኤ ቅጂ በባክቴሪያ ውስጥ ለደቂቃዎች፣ በእኛ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ለሰዓታት ኖሮ ይፈርሳል። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ከዚያው ዘረመል የተገለበጡ ሌሎች ብዙ አሉ። የገልባጭ ስሕተት ከወረቀቱ ጋር ይጣላል። የአባዢ ስሕተት ግን ይወረሳል።

ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘን ከሕዋስ እንውጣና ወደ ሰፈራችን እንሂድ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ይዟቸው መድኃኒት ጀመሩ። በማግስቱ ፊታቸው አመድ መስሎ በራችን ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ መድኃኒቱ ደሜን እያስሸናኝ ነው፤ ከዚህስ በሽታው ይሻለኛል» አሉኝ። ክኒኑን ፍራሽ ሥር ሸሽገውታል። «እማማ፣ ደም አይደለም። የመድኃኒቱ የራሱ ቀለም ነው። በሰውነትዎ ውስጥ መዞሩን የሚያሳይ ነው» አልኳቸው። ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ነርሷም ይህንኑ ነገረቻቸው። ስድስት ወሩን ጨርሰው ዳኑ።

ሽንትን ብርቱካናማ ቀይ የሚያደርገው ያ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ነው። ሥራው ምን መሰላችሁ? የባክቴሪያውን ገልባጭ፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝን፣ ይይዛል። ገልባጩ ሁለት ሦስት ፊደል ሲቀጥል ክሩ የሚወጣበት መንገድ ተደፍኖ ይቆማል። ባክቴሪያው መጽሐፉ በእጁ ነው፤ አንድ ምንባብ እንኳ መቅዳት ስለማይችል ግን ይሞታል። የእኛ ገልባጭ ቅርጹ ስለሚለይ በሽተኛው በሚወስደው መጠን አይነካም። ሌቮፍሎክሳሲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ሌላ መንገድ ይይዛል። ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ሲያባዛ የሚፈጠረውን ጥምዝምዝ የሚያፍታታለትን ኢንዛይም ያሰናክላል፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሲፕሮም ከዚሁ ወገን ነው። እነሆ፣ የፈተና ሰንጠረዥ የሚመስለው ልዩነት በክኒን ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጧል።

ታዲያ የመድኃኒት መላመድ ከየት ይመጣል? ከማባዛት ስሕተት ነው። የቲቢ ባክቴሪያ 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ በአንድ ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ይከፈላል። ሲባዛ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትስታለች። ስሕተቷ ገልባጩን በሚሠራው ዘረመል ውስጥ፣ በ81 ፊደል ርዝመት ባለች ጠባብ ስፍራ ላይ ከወደቀች፣ ሪፋምፒሲን የሚይዝበት ቦታ ይለወጥበታል። በብዛት ከሚታዩት ለውጦች አንዱ ሲ በነበረበት ቲ መግባቱ ነው፤ አንዲት ፊደል። ያች ፊደል በአርኤንኤ ላይ ብቻ ብትሳት ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ ትጠፋ ነበር። በዲኤንኤ ላይ ስለሆነች ግን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ትወረሳለች።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሪፋምፒሲን የማይነካው ባክቴሪያ በተፈጥሮ ከመቶ ሚሊዮን አንድ ያህል ይገኛል። አይዞኒያዚድ የተባለው ሌላው መድኃኒት የማይነካው ከሚሊዮን አንድ ያህል። ተቦርቡሮ ዋሻ የሠራ የሕመምተኛ ሳንባ ግን መቶ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። አንድ መድኃኒት ብቻ ብንሰጥ የሚያመልጥ ይኖራል፤ እርሱም ሜዳውን ብቻውን ይወርሳል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ብሪታንያ ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን በተሞከረባቸው ብዙ ሕመምተኞች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ተሻላቸው፣ ኋላ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደ። ሪፋምፒሲንንና አይዞኒያዚድን በአንድነት ስንሰጥ ግን ከሁለቱም የሚያመልጥ ባክቴሪያ የሚገኘው ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ነው። ያን ያህል ባክቴሪያ በአንድ ሳንባ ውስጥ አይገኝም። ሐኪሙ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት መድኃኒት የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ለተረፉት ባክቴሪያዎች የመባዣ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ እያንዳንዱ መባዛት ደግሞ አንድ ተጨማሪ የስሕተት ዕድል ነው።

ምርመራውም በማባዛት ላይ የቆመ ነው። በጤና ተቋሞቻችን ያለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ከአክታ ውስጥ ያችን የ81 ፊደል ስፍራ ፈልጎ በሚሊዮኖች ያባዛታል፤ ከዚያ ፊደሏ መለወጥ አለመለወጧን ይለያል። ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲንን መላመዱን ይናገራል። አባት ኮርንበርግ ያስጀመሩት እውቀት ልጅ ኮርንበርግ ያጠናውን ዓይነት ኢንዛይም ለመመርመር ሲያገለግል ታያላችሁ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። በኮቪድ ወቅት «ክትባቱ ዘራችንን ይለውጣል» የሚል ስጋት በየቤቱ ሲነገር ሰምተናል። ስጋቱ ያነጣጠረው በኤምአርኤንኤ ክትባት ላይ ነበር፤ ካታሊን ካሪኮንና ድሩ ዋይስማንን በ2023 ለኖቤል ያበቃቸው ለዚህ ክትባት መንገድ የጠረገው ምርምር ነው፤ ኤምአርኤንኤ ደግሞ ያ የተማሪው ቁራጭ ወረቀት ነው። ዲኤንኤው ወደሚቀመጥበት ኒውክለስ አይገባም፤ ከኒውክለሱ ውጭ ፕሮቲን ሲያሠራ ቆይቶ ይፈርሳል። የፈራውን ሰው መናቅ አይገባም። ማባዛትና መገልበጥ ሁለት መሆናቸውን በልጅነቱ በወጉ ብናስተምረው ኖሮ ግን ፍርሃቱን ራሱ ይመዝነው ነበር።

ስለዚህ መምህራን ጓደኞቼ፣ አደራ እላችኋለሁ። ሰንጠረዡን ከማስጻፋችሁ በፊት «ይህ ለውርስ ነው፣ ይህ ለዕለት ነው» በሏቸው። ቀሪውን ራሳቸው ያወጡታል። ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ይህን ልዩነት ለእናት አባታችሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በየቋንቋችሁ አስረዷቸው፤ ማስረዳት ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነውና ተመልሳችሁ ጠይቁን። በዚህ አዳራሽ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሚወስድ ዘመድ ያለው ካለ ደግሞ እንዲህ እለዋለሁ፦ ሳሉ ቆመ ብለህ አታቁም፤ ቀለሙን አይተህ አትደንግጥ። ስድስት ወሩን ጨርስ። የተሳሳተ ፊደል ለጎረቤትህና ለልጅህ አታውርስ።